የሚወልድ ዕዳ እና የማይወልድ ዕዳ፦ ቀድሞ ለመክፈል የትኛው መንገድ ለየትኛው ቤት?

አንድ እሑድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ያለብንን ዕዳ ሁሉ ከልጃችን ደብተር በገነጠልናት ወረቀት ላይ ጻፍን። አራት መስመር ሆነ። የስፌት ማሽኖቹን የገዛንበት፣ ከብድር ተቋም የወሰድነው 120,000 ብር። ለአማቴ ተዝካር ከባለቤቴ ታላቅ ወንድም የወሰድነው 40,000 ብር። የሰፈር ሱቅ ዱቤ 6,500 ብር። በስልክ የተበደርነው 5,000 ብር። ጽፈን ስንጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን። በአፍ ሲወራ "ዕዳው ገብስ ነው" ይባላል። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ይከብዳል።

"ቶሎ ክፈሉና ተገላገሉ" ያላለን ሰው የለም። ምክሩ ልክ ነው። ግን የቱን አስቀድመን? በምን መንገድ? ከየትኛው ወር ገንዘብ? ይህን የነገረን አልነበረም። ቁጭ ብለን እያሰላን፣ አንዳንዱንም ተሳስተን እያየን ነው የለየነው። እዚህ የማነጻጽራቸው እነዚያን ምርጫዎች ነው። ቁጥሮቹ የእኛ ቤት ቁጥሮች ናቸው። የራሳችሁን አስገቡና እንደገና አስሉት።

ስለ ቤታችን ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ስሌቱ አይገባም። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፤ እኔ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። የእሱ ደመወዝ በየወሩ ያው ነው። የእኔ ገቢ ግን ከጾሙና ከበዓሉ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ለጥምቀት የሚያሰፋው ሰው ስለሚበዛ እጄ ከማሽኑ አይላቀቅም። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ሥራውም ይቀዘቅዛል። ክረምትም እንደዚያው ነው። በጥሩ ወር ሁለታችን ተደምረን 30,000 ብር እናገኛለን፤ በመጥፎው ወር 22,000። ዕዳ ለመክፈል ስናቅድ መጀመሪያ የሠራነው ስህተት በጥር ወር ገቢ ማቀዳችን ነው። መጋቢት ላይ ዕቅዱ ፈረሰ። አሁን ሁሉንም የምንመዝነው በመጥፎው ወር ነው፤ በ22,000።

የቱ ዕዳ ይቅደም?

ሰው ሲመክር ሦስት ዓይነት ነገር ይላል። አንዱ "ከትንሹ ጀምሩ፣ ልባችሁ ይቀለዋል" ይላል። ሌላው "ወለዱ የሚከብደውን አስቀድሙ" ይላል። ሦስተኛው፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ "የሰው ገንዘብ ይቅደም፤ ተቋም አይቀየምም" ይላሉ። ሦስቱም እውነት አለባቸው። እኛ ግን ሦስቱንም የሚያስታርቅ አንድ ጥያቄ አገኘን፦ ይህ ዕዳ ይወልዳል ወይስ አይወልድም? ቃሉ ራሱ "ወለድ" ነው። ካልነኩት እየወለደ የሚሄድ አለ። ዝም ብሎ የሚጠብቅም አለ።

በዚህ ዓይን ሲታይ ትንሹ ዕዳችን ከሁሉም የከፋ ወላድ ሆኖ ተገኘ። የስልኩ ብድር። 5,000 ብር ለ30 ቀን እንወስድና 5,400 እንመልሳለን። 400 ብር ምን አላት? ያልነው እንዲህ ነበር። ግን በወር 8 በመቶ ማለት ነው። የተቋሙ ብድር በዓመት 18 በመቶ ነው፤ ለወር ሲካፈል 1.5 በመቶ። ደግሞ የስልኩን ከፍለን በማግሥቱ መልሰን እንወስደው ነበር፤ ምክንያቱም ስንከፍለው ቤቱ ባዶ ይቀራል። እንዲህ እያደረግን ዓመት ብንቆይ 12 ጊዜ 400፣ 4,800 ብር እንከፍል ነበር። ተበድረን የማናውቀውን ሌላ 5,000 ብር እንደመክፈል ነው። እናም የመጀመሪያው ውሳኔ ቀላል ሆነ፦ የስልኩ ይዘጋ፣ ዳግመኛም አይከፈት።

ዱቤው ወለድ የለውም። እንዲያውም ባለሱቁ ደግ ሰው ነው። ጠንካራ ልባስ ያላት ደብተር አለችው፤ ጠርዟ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በእኔ ገጽ አናት ላይ "የናሆም እናት" ይላል። ከሥሩ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ እንደገና ዘይት። ስከፍል ቀዩን እስክሪብቶ ያነሳና አንድ መስመር ያሰምርበታል። ቀጥሎ ግን እዚያው ገጽ ላይ አዲስ መስመር ይጀምራል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ገጹ አልተዘጋም። ዱቤ የሚያስከፍለው በሌላ በኩል ነው። ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ አይከራከርም። ዘይቱ ሌላ ሱቅ ረክሶ ቢያይም ደንበኛውን ጥሎ መሄድ ይከብደዋል። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ሽንኩርትና በርበሬ በብዛት ለመግዛት ጥሬ ብር ያስፈልጋል፤ ያ ብር ደግሞ ለዱቤው ሄዷል። ስለዚህ ዱቤውን ሁለተኛ አደረግነው። ለሦስት ወር ከፋፍለን ዘጋነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ነገር እንዳይጻፍ ባለሱቁን ራሱን ለመንኩት። "እኔም እኮ ጥሬ ብር ስታመጪ ደስ ይለኛል" አለኝ።

ቀጥሎ የቀረው ትልቁ ጥያቄ ነው፤ የተቋሙ ብድር ወይስ የባለቤቴ ወንድም?

በስሌት ብቻ ካየነው መልሱ ግልጽ ነው። የተቋሙ ይወልዳል፣ የወንድሙ አይወልድም። እኛም እንደዚያ ብለን ወንድሙን ወደ ኋላ ገፋነው። እሳቸው በደምቢያ፣ ከቆላ ድባ ወጣ ብሎ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ገንዘቡን የሰጡን በ2015 ነው። አንድ ቅዳሜ ለገበያ መጥተው ቡና አፍልቼ ተቀመጥን። እኔም እንዳይቀየሙን ብዬ ጀመርኩ፦

"ጋሼ፣ የእርስዎ ገንዘብ ወለድ የለውምና ትንሽ ወደ ኋላ አድርገነዋል። አይቀየሙን።"

ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ።

"አልቀየምም የኔ ልጅ። ግን ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ብር እንዳይመስልሽ። በሬ ልገዛበት ነበር። ዛሬ ብሩን ብትሰጡኝ ብሩ አለ፣ በሬው ግን የለም።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ ወለድ የሌለው ዕዳ ነጻ ነው ማለት አልቻልኩም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የዕቃ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። እኛ ላይ ያልወለደው ዕዳ እሳቸው ላይ ጎደለ ማለት ነው። የማይወልድ ዕዳን ማዘግየት ለተበዳሪው ርካሽ የሚሆነው አበዳሪው ስለሚከፍልለት ነው።

ስለዚህ "መቼ ነው የሚያስፈልግዎት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ለግንቦት፣ ለማዳበሪያ መግዣ፣ 15,000 ብር ካገኙ እንደሚበቃቸው ነገሩን። የቀረው 25,000 ለጥር ቢሆን ግድ የላቸውም። ጥር ደግሞ የእኔ ጥሩ ወር ነው። ቀኑን ሳንጠይቅ ብንቆይ ኖሮ ወይ ሁሉንም አሁን ለመክፈል እንጨነቅ ነበር፣ ወይ እያፈርን እንርቃቸው ነበር። ከዘመድ የተበደራችሁ ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አበዳሪው የሚፈልገው ሙሉውን ገንዘብ ሳይሆን የተወሰነውን በተወሰነ ቀን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከዘመድም ቢሆን በወረቀት ይሁን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በዚያው ሕግ ግለሰቦች እርስ በርስ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም። እኛ መጀመሪያ ስንበደር አልተጻጻፍንም ነበር። አሁን የከፈልነውንና የቀረውን በሁለት ምስክር ፊት ጻፍን። ጋሼ ራሳቸው "ለልጆቹም ይበጃል" ብለው ፈረሙ።

ተቋሙ ወለዱን የሚያሰላው እንዴት ነው?

ይህ ክፍል ገና ለመበደር ለሚያስብ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ብድር ልንወስድ ስንዞር ሁለት ቦታ ጠይቀን ሁለቱም "18 በመቶ" አሉን። አንድ ነው ብለን ነበር። አንድ አይደለም።

አንዱ ወለዱን የሚያሰላው በመጀመሪያ በወሰድከው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ "ፍላት" ይሉታል። ሌላው በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ያሰላል፤ "ዲክላይኒንግ" የሚሉት እሱን ነው። 60,000 ብር ለ12 ወር ብትወስዱ በፍላቱ ወለዱ 10,800 ብር ነው። በዲክላይኒንግ፣ በየወሩ ከዋናው 5,000 እየከፈላችሁ፣ ጠቅላላ ወለዱ 5,850 ብር ይሆናል። ያው 18 በመቶ፣ ግን 4,950 ብር ልዩነት።

ቀድሞ ለመክፈል ለሚያስብ ቤተሰብ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። በዲክላይኒንጉ ስድስት ወር ከፍላችሁ የቀረውን 30,000 በአንዴ ብትዘጉ፣ ያልደረሰው የ1,575 ብር ወለድ ይቀርላችኋል። በፍላቱ ግን ወለዱ አስቀድሞ ተቆርጦ ስለተካፈለ፣ ውሉ "ቀድሞ ለከፈለ ይቀነሳል" ካላለ በስተቀር ቀድሞ መክፈል ምንም ላያተርፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ብድር ያለባችሁ ሰዎች ትርፍ ገንዘባችሁን ወደ ሌላ ዕዳ ብታዞሩት ይሻላል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የብድር ባለሙያውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው? ቀድሜ ብከፍል ያልደረሰው ወለድ ይቀርልኛል? ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት አለ? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ የት እንደተጻፈ በጣቱ ያሳያችሁ። እኔ ስጠይቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያልተማርኩ መስዬ እንዳልታይ ፈርቼ። ባለሙያው ግን ገጹን ገልብጦ አሳየኝ። የእኛ ብድር በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላው ነው።

እቁብ ገብቶ መክፈል ወይስ በየወሩ ጨምሮ መክፈል?

ከወር ወጪያችን ቀንሰን 2,000 ብር ማትረፍ ቻልን። ባለቤቴ "በየወሩ ተቋሙ ድረስ ሄጄ ከዋናው ላይ ልቀንስ" አለ። እኔ "እቁብ እንግባበት" አልኩ። ሁለት ቀን ተከራከርን። ከዚያ አሰላነው።

እቁባችን 10 ሰው ነው፣ በወር 2,000፤ ለባለዕጣው 20,000 ይደርሰዋል። ወለዱ በወር 1.5 በመቶ ስለሆነ 20,000 ብር ከዕዳው ላይ በቀነስን ቁጥር በየወሩ 300 ብር እናተርፋለን። ዕጣው በመጀመሪያው ወር ቢወጣልን እስከ አሥረኛው ወር 2,700 ብር ወለድ ይቀርልናል። በአምስተኛው ቢወጣ 1,500። በስድስተኛው 1,200። በመጨረሻው ቢወጣ ምንም። በባለቤቴ መንገድ፣ በየወሩ 2,000 እየጨመርን ብንከፍል ደግሞ በዚያው ጊዜ 1,350 ብር ይቀርልናል። ስለዚህ ዕጣው እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ከወጣ እቁብ ያዋጣል፤ ከስድስተኛው ጀምሮ በቀጥታ መክፈል ይበልጣል።

በስሌት እኩል በእኩል ነው ማለት ይቻላል። የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው። እቁብ ቀጠሮ አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ ዋስ ጠርተሃል፤ ስለዚህ ይቅር አይባልም። በየወሩ በፈቃድ የሚከፈለውን 2,000 ግን ማንም አይጠይቅህም፤ የጎረቤት ልጅ ሲሞሸር መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። የብድር ተቋሙ ራሱ ትንሽ በትንሽ የሚመጣ ጭማሪ የማይቀበል ከሆነም እቁብ ብቸኛው መንገድ ይሆናል። በሌላ በኩል እቁብ ግዴታ ነው። ሁዳዴ ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ "ይህን ወር ልዝለል" አይባልም። ገቢው የማይዋዥቅ፣ ግን እጁ የማይጨበጥ ቤተሰብ እቁብ ይግባ። ገቢው የሚዋዥቅ፣ ግን ለራሱ ቃል የሚታመን ቤተሰብ በቀጥታ ይክፈል። እኛ መካከል ላይ ነን፤ ደመወዝ ያለው ባለቤቴ ነው፤ እቁቡ ከእሱ ደመወዝ እንዲወጣ አደረግን። ከስፌት የሚገኘው ላይ ግዴታ አልጫንበትም። ዕጣው በአምስተኛው ወር ወጣልን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእቁብ ብር ቤት አይደር። ዕጣው በወጣበት ማግሥት ጠዋት ባለቤቴ ለተቋሙ ገቢ አድርጎ ደረሰኙን ይዞ መጣ። ሌሊቱን ግን ሁለታችንም ስለ ሶፋ አስበን እንደነበር በኋላ ተናዘዝን።

ጊዜውን ማሳጠር ወይስ ወርሃዊ ክፍያውን መቀነስ?

ያ 20,000 ብር ገቢ ሲሆን የ120,000 ብሩን ብድር ስምንት ጊዜ ከፍለን ነበር። የቀረው ዋና ዕዳ 80,000 ነበር፤ ከጭማሪው በኋላ 60,000 ሆነ። ባለሙያዋ ጠየቀችን፦ "ወርሃዊው እንዳለ ሆኖ ቶሎ ይለቅ? ወይስ ጊዜው እንዳለ ሆኖ ወርሃዊው ይቀነስ?"

ወርሃዊው እንዳለ ከቀጠለ የቀረው 16 ወር ወደ 12 ያጥራል፤ 4,350 ብር ወለድ ይቀርልናል። ጊዜው 16 ወር ሆኖ ከቀጠለ በየወሩ ከዋናው የምንከፍለው ከ5,000 ወደ 3,750 ይወርዳል፤ የሚቀርልን ወለድ ግን 2,550 ነው። አብዛኛው መካሪ "አሳጥሩት" ይላል። የ1,800 ብር ልዩነት አለው፤ እውነት ነው።

እኛ ወርሃዊውን ቀነስን። ምክንያቱ መጋቢት ነው። ካሳጠርነው ቀጣዩ ክፍያ ከነወለዱ 5,900 ነው፤ ከቀነስነው 4,650። በ22,000 ብር ወር ውስጥ ይህ የ1,250 ብር ልዩነት የስልኩን ብድር እንደገና በመክፈትና ባለመክፈት መካከል ያለ ልዩነት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፤ ተቋሙ ተጨማሪ ክፍያ ያለ ቅጣት የሚቀበል ከሆነ፣ ወርሃዊውን አስቀንሶ በጥሩ ወር 1,250ውን በፈቃድ መጨመር ይቻላል። በሁሉም ወር ከጨመራችሁ ልክ እንዳሳጠራችሁት በ12 ወር ያልቃል። በመጥፎው ወር ካልጨመራችሁ ግን ማንም አይቀጣችሁም። ግዴታው ዝቅ ይበል፣ ፈቃዱ ከፍ ይበል። ሁለት ቋሚ ደመወዝ ያለው ቤት ከሆናችሁ ግን ያለ ማመንታት አሳጥሩት።

ጥር ላይ ብር እጅ ሲገባ፦ ጤፍ ይገዛ ወይስ ዕዳ ይከፈል?

እዚህ አገር በበጀት መኖር ማለት ከሁሉም በላይ የእህል ጉዳይ ነው። ሌላው ወጪ ትንሽ በትንሽ ነው። ስለዚህ ይህን በደንብ አስቡበት።

ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል። ጥርና የካቲት ላይ ገበያው ይሞላል፤ ከደምቢያ የሚመጣው ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራ ይራቆታል፣ ዋጋውም ይወጣል። ጤፍ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ካለ ይቀመጣል። እንግዲህ ጥር ላይ ትርፍ ብር ሲገኝ ለኩንታሉ ይዋል ወይስ ለዕዳው?

ስሌቱ ቀላል ነው። ዕዳችን በወር 1.5 በመቶ ይወልዳል። ከጥር እስከ ነሐሴ 7 ወር ነው፤ 10.5 በመቶ። ስለዚህ ጥር ላይ በ100 ብር የምትገዙት ጤፍ ነሐሴ ላይ ከ110 ብር ከሃምሳ በላይ የሚገባ ከሆነ፣ ጤፉን መግዛት ዕዳውን ከመክፈል ይበልጣል። ከዚያ በታች ከሆነ ዕዳው ይቅደም። ያለፉትን ዓመታት ዋጋ በደብተራችሁ ከያዛችሁ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው። እኔ ይዤ ነበር፤ ጤፉን ገዛን። ሙሉ ኩንታል ለማይችል ቤት ደግሞ ሁለት ጎረቤት ተዳምሮ መካፈል አለ። ከጎረቤቴ ጋር እንደዚያ ነበር የጀመርነው፤ እሷ ሚዛን አመጣች፣ እኔ ጆንያ።

በርበሬና ሽሮም በዚያው ሒሳብ ይሄዳሉ። በኪሎ የተፈጨ ከመግዛት ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ይረክሳል፤ ድካሙ ግን አለ።

የጾም ወር ላይ ተጠንቀቁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ስለሚቀሩ የቤቱ ወጪ ይቀንሳል። ያን ተራፊ ለዕዳ ማዋል ያጓጓል። እኛ አንድ ዓመት አድርገነዋል። ፋሲካ ሲደርስ በጉ በዱቤ መጣ፤ የከፈልነውን ዕዳ በሌላ ስም መለስነው። አሁን የሁዳዴ ተራፊ ለፋሲካ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ብቻ ወደ ዕዳ ይሄዳል።

ጳጉሜንንም አትርሱ። ደመወዝ የሌላት ወር ናት። ቤተሰብ ግን አምስቱንም ስድስቱንም ቀን ይበላል። በላይዋ ላይ እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። ለዚህ ከግንቦት ጀምረን በወር 1,500 እንለያለን። ያንን ብር ለዕዳ ብንከፍለው ጥቂት ወለድ እናተርፍ ነበር። መስከረም ላይ ግን ከየት እናመጣለን?

ስለ ሌሎቹ መንገዶች በአጭሩ። ወርቅ መሸጥ፦ ወላድ ዕዳ ካለባችሁና ወርቁ የእናት ማስታወሻ ካልሆነ ያዋጣል፤ ከመሸጣችሁ በፊት ግን ሦስት ቤት አስመዝኑ። ዕዳን ወደ ረከሰ ብድር ማዛወር፦ የመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር ካላችሁ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የአገልግሎት ክፍያውን ደምራችሁ አስሉ። ባንክ ማስቀመጥ፦ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ፣ የብድሩ 18 ሲሆን ከመጠባበቂያ በላይ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። አራጣ፦ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ ዕዳን በአራጣ መክፈል የሚባል መንገድ የለም።

የማይነካው ምንድን ነው?

ዕዳ ለመክፈል ብለን ሁለት ነገር እንዳንነካ ተስማምተናል።

አንደኛው ዕድር ነው። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ናት፤ የምታጓጓውም ለዚያ ነው፤ "ለጥቂት ወር ብናቆመውስ" ይባላል። አማቴ ሲያርፉ ድንኳኑን የተከለው፣ ወንበሩን ያመጣው፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደው ዕድሩ ነው። ያለ ዕድር ቢሆን ኖሮ የ40,000ው ዕዳ ስንት ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። 7,000 ብር፣ ከመጀመሪያው የተቋሙ ክፍያ ትንሽ ከፍ ያለ። "ዕዳ እያለብህ ብር ታስቀምጣለህ?" ይሉናል። ያንን 7,000 ለተቋሙ ብንከፍለው በወር 105 ብር ወለድ እናተርፋለን። ልጅ ታሞ በዚያው ልክ ከስልክ ብንበደር ግን ለአንድ ወር ብቻ 560 ብር እንከፍላለን። ደግሞ ከዚህ ውስጥ ግማሹ በጥሬው ቤት ውስጥ ነው። በክልላችን ግጭቱ በተነሳ ጊዜ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፣ መንገድም ተዘግቷል። ስልክ ውስጥ ያለ ብር በእንደዚያ ያለ ቀን ዳቦ አይገዛም።

የመጨረሻው ክፍያ ቀን

ዛሬ የስልኩና የዱቤው የሉም። ጋሼ የግንቦቱን 15,000 ተቀብለዋል፤ የቀረውን ጥር ላይ ከጥምቀት ሥራ እንሰጣለን። የተቋሙ ገና ነው።

እሱ ሲያልቅ የምናደርገውን ግን ከአሁኑ ጽፈነዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። የመጨረሻውን ብር ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። ደረሰኝ አይበቃም። ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ የክሊራንስ ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት መውሰድ ያስፈልጋል። መያዣ ካለ መፈታቱን የሚያሳይ ወረቀት። ዋስ ካለ ደግሞ ደብዳቤው ለዋሱ መሥሪያ ቤት ጭምር እንዲጻፍ ማድረግ። የእኛ ዋስ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ደመወዙን አስይዞ ሲፈርምልን አንድ ጥያቄ አልጠየቀንም። በዋስትና ላይ እያለ ለራሱ ቤት መበደር እንደሚቸግረው ያወቅነው ቆይተን ነው፤ እሱ አልነገረንም፣ ሚስቱ ናት የነገረችኝ። ያንን ደብዳቤ በፖስታ አድርገን፣ ቡና ይዘን፣ ሁለታችንም ቤቱ ድረስ እንሄዳለን።